በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፦ የመራቢያ አካል ኢንፌክሽንና የሴቶች መካንነት

በዚህ እትም የጤና ዓምዳችን በክፍል ውስጥ በግልጽ የማይወራ፣ በየብሎኩ ግን በሹክሹክታ የሚነሳ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። እሱም በሴቶች የመራቢያ አካል ላይ የሚደርስ ኢንፌክሽንና ከዚያ የሚመጣው መካንነት ነው።

ርዕሱን የመረጥነው በምክንያት ነው። ስደተኛ ሰው አገሩን፣ ዘመዱንና ንብረቱን ትቶ የመጣ ነው፤ የቀረው ተስፋ ብዙውን ጊዜ ልጁ ነው። ስለዚህ "አልወልድ አለች" የተባለች ሴት በስደት ላይ ሌላ ስደት ይጨመርባታል። ባል ይተዋታል፣ ጎረቤት ይጠቋቆምባታል፣ እሷም "ምን በድዬ ነው?" እያለች ራሷን ትከሳለች። ነገር ግን በአፍሪካ ብዙ ሴቶችን ለመካንነት የዳረገው እርግማን ወይም የእነሱ ጥፋት አይደለም። በጊዜው ቢታከም ኖሮ የሚድን ኢንፌክሽን ነው። አንዳንዴም ያመጣባት እሷን የሚከሳት ሰው ራሱ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ይህ እንዴት እንደሚሆንና እንዴት መከላከል እንደሚቻል ያብራራል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መካንነት ምን ማለት ነው?

ባልና ሚስት ምንም ዓይነት የወሊድ መከላከያ ሳይጠቀሙ፣ አዘውትረው ግንኙነት እያደረጉ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ሆኗቸው እርግዝና ካልመጣ ሐኪሞች "መካንነት አለ" ይላሉ። ልብ በሉ፣ "እሷ መካን ናት" አላልንም። ጉዳዩ የሁለት ሰው ነው። ተጋብተው 3 ወር ሳይሞላቸው "ምነው ዝም አላችሁ?" እያሉ ማስጨነቅም ተገቢ አይደለም። ሴቷ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ግን ዓመት ሙሉ ሳይጠብቁ በ6 ወር መመርመር ይመከራል።

መካንነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሴቷ ከነአካቴው አርግዛ የማታውቅበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንዴ ከወለደች ወይም ካስወረዳት በኋላ እንደገና ማርገዝ ሲያቅታት ነው። ከኢንፌክሽን የሚመጣው መካንነት ብዙ ጊዜ በዚህ በሁለተኛው መልክ ይታያል። "የመጀመሪያውን ያለ ችግር ወልዳለች እኮ፣ እንዴት መካን ትሆናለች?" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መልሱ ይህ ነው።

ችግሩ ቅርብ ወይም ብርቅ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ መካንነት እንደሚያጋጥመው ገልጿል። በሀብታምም በድሃም አገር ያለ ጉዳይ ነው። የሚለያየው ምክንያቱና የሕክምናው መኖር አለመኖር ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው የት ላይ ነው?

የባዮሎጂ መምህራን ይህን በሰሌዳ ላይ በስዕል ቢያሳዩ ጥሩ ነው። ከብልት ወደ ውስጥ ሲገባ የማህፀን በር አለ፤ ከዚያ ማህፀን፤ ከማህፀኑ ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወጥተው ወደ እንቁላል እጢዎቹ ይዘረጋሉ። እያንዳንዱ ቱቦ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከማህፀን ጋር በሚገናኝበት በኩል ግን የውስጥ ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የወንዱና የሴቷ ዘር የሚገናኙት በማህፀን ውስጥ ሳይሆን በዚህ ቱቦ ውስጥ ነው። የቱቦው ግድግዳ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች አሉት፤ እነሱም እየተወዛወዙ የተፀነሰውን ዘር ቀስ በቀስ ወደ ማህፀን ይወስዱታል።

እንግዲህ ጀርም በማህፀን በር በኩል ወደ ላይ ወጥቶ ቱቦው ውስጥ ሲገባ ቱቦው ያብጣል፣ ይቆስላል፣ መግልም ሊይዝ ይችላል። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ የማህፀንና የቱቦ ብግነት ይሉታል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። እጅ ላይ የተቃጠለ ቦታ ሲድን ቆዳው እንደሚጨማደድ ሁሉ ቱቦውም ይጨማደዳል፣ ይጣበቃል፣ ይደፈናል። ሁለቱም ቱቦዎች ከተደፈኑ ዘርና ዘር መገናኘት አይችሉም።

ቱቦው በከፊል ብቻ ከተደፈነ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የወንዱ ዘር በጣም ትንሽ ስለሆነ ያልፋል፤ የተፀነሰው ግን ተመልሶ ወደ ማህፀን መግባት አቅቶት እዚያው ቱቦ ውስጥ ያድጋል። ይህ ከማህፀን ውጪ እርግዝና ይባላል። ቱቦው ሲፈነዳ ሴቷ ደሟ ወደ ሆድ ውስጥ ፈስሶ ልትሞት ትችላለች።

ከሁሉም በላይ መያዝ ያለበት ነጥብ ይህ ነው፦ አንቲባዮቲክ ጀርሙን ይገድላል፤ ጠባሳውን ግን አያጠፋም። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚጠቅመው ጠባሳ ሳይፈጠር ሲደርስ ነው።

ጀርሙ ከየት ይመጣል?

ዋነኞቹ ሁለት የአባላዘር በሽታዎች ናቸው፦ ጨብጥና ክላሚዲያ። ሁለቱም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋሉ። በሕዝባችን ዘንድ ጨብጥ በጋለ ድንጋይ ላይ በመሽናት ወይም በጨረቃ ፊት በመሽናት ይይዛል የሚል አባባል አለ። የሴቶችን የሆድ ሕመምና ፈሳሽ ደግሞ "ብርድ ነው" ብለን እናልፈዋለን። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ድንጋዩም፣ ጨረቃውም፣ ብርዱም ጀርም የላቸውም።

ክላሚዲያን አስቸጋሪ የሚያደርገው ዝምታው ነው። የያዛቸው አብዛኞቹ ሴቶች ምንም አይሰማቸውም። ጨብጥም ቢሆን ወንዱ ሲሸና ያቃጥለዋል፣ መግል ያወጣል፤ ሴቷ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ምልክት ይቀመጣል። እሷ ሳታውቅ ጀርሙ ወደ ላይ ይወጣል። ከዓመታት በኋላ "ልጅ ለምን እምቢ አለኝ?" ብላ ስትመረመር ቱቦዎቿ ተደፍነው ይገኛሉ። "ታምሜ አላውቅም እኮ!" ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ከአባላዘር በሽታ ውጪ ያሉ መንገዶችም አሉ፦

- በወሊድ ጊዜ ወይም ከወሊድ በኋላ የሚገባ ኢንፌክሽን። ንጹሕ ባልሆነ እጅ፣ ባልተቀቀለ መሣሪያ ወይም የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ማህፀን ውስጥ በመቅረቱ ይመጣል።
- ንጽሕናው ባልተጠበቀ ሁኔታ የሚፈጸም ውርጃ። እንጨት፣ ሽቦ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ወደ ማህፀን መክተት ሕይወትንም ማህፀንንም ያጠፋል።
- የቲቢ በሽታ። ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚያጠቃ ይመስለናል። በደም አማካይነት ወደ ማህፀን ቱቦ ሄዶም ሊደፍነው ይችላል።
- የሴት ልጅ ግርዛት፣ በተለይም ቆርጦ መስፋት። በ2005 የታተመ በካርቱም የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ግርዛቱ ሰፋ ብሎ ትልቁን ከንፈር ጭምር የነካባቸው ሴቶች ለመካንነት ይበልጥ ተጋልጠው ተገኝተዋል። ድርጊቱ በምንኖርበት አገር በኬንያ በ2011 በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው።

ፈሳሽ ሁሉ በሽታ ነው?

አይደለም። በተለይ ልጃገረድ ተማሪዎች በዚህ ሲጨነቁ እናያለን። ነጣ ያለ ወይም እንደ እንቁላል ነጭ የሚለጠጥ፣ የማይሸትና የማያሳክክ ፈሳሽ የተፈጥሮ ነው፤ በወር ውስጥም መጠኑ ይለያያል። እንደ አይብ የረጋ፣ በጣም የሚያሳክክ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ ነው። ምቾት ይነሳል እንጂ ቱቦ አይደፍንም፤ ያላገባች ልጅም ሊይዛት ስለሚችል ስሟን ማጥፋት ነውር ነው። ፈሳሹ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ መጥፎ ሽታ ካለው ወይም ደም ከቀላቀለ ግን መመርመር ያስፈልጋል።

ብልትን ውስጥ ድረስ በሳሙና፣ በዴቶል ወይም በሎሚ ማጠብም ጥሩ አይደለም። ተፈጥሮ ያስቀመጠቻቸውን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ በዚህም ኢንፌክሽን ይበረታል። ውጪውን በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል። ለወር አበባ ጨርቅ የምትጠቀሙ እህቶቻችን ደግሞ በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። አልጋ ስር ተደብቆ እርጥብ የዋለ ጨርቅ የጀርም መራቢያ ይሆናል።

ቁጥሮች ምን ይነግሩናል?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ1979 እስከ 1984 በ25 አገሮች፣ በ33 የሕክምና ማዕከላት ልጅ ያጡ ባልና ሚስቶችን አስመርምሮ ነበር። ውጤቱ በ1985 ሲታተም በአፍሪካ ከተመረመሩት ሴቶች ከ85 በመቶ በላይ የሆኑት ችግራቸው ከኢንፌክሽን ጋር የሚያያዝ ሆኖ ተገኘ። በዓለም ዙሪያ ግን 33 በመቶ ነበር። ልዩነቱ የመጣው አፍሪካውያን የተረገሙ ስለሆኑ አይደለም፤ ኢንፌክሽኑ በጊዜው ስላልታከመ ነው።

ሌላው ማስረጃ ከስዊድን ነው። በሉንድ ከተማ ከ1960 እስከ 1984 በቱቦ ብግነት የታከሙ ሴቶችን ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ተከታተሉ። በ1992 በታተመው ውጤት መሠረት አንድ ጊዜ ብቻ ከታመሙት ውስጥ 8 በመቶ፣ ሁለት ጊዜ ከታመሙት 19.5 በመቶ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ከታመሙት ደግሞ 40 በመቶ የሚሆኑት ቱቦአቸው በመጎዳቱ መካን ሆነዋል። በእያንዳንዱ ሕመም አደጋው እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ከእነዚሁ ሴቶች በተገኘ መረጃ በ1993 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ምልክቱን ካዩ በኋላ 3 ቀንና ከዚያ በላይ የዘገዩት ቶሎ ከመጡት ጋር ሲነጻጸሩ የመካንነት ወይም ከማህፀን ውጪ የማርገዝ አደጋቸው ወደ 3 እጥፍ የተጠጋ ሆኖ አግኝቶታል። እንግዲህ "ትንሽ ልየውና" እያልን የምናሳልፋቸው ቀናት ዋጋቸው ይህን ያህል ነው።

"እርግማን" ተብሎ የነበረው

ታሪክም ያስተምራል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከጋቦንና ከካሜሩን ተነሥቶ በማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክና በኮንጎ በኩል እስከ ዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ደቡብ ምዕራብ ክፍል ድረስ ልጅ የሌላቸው ሴቶች እጅግ የበዙበት አካባቢ ነበር። አጥኚዎች "የመካንነት ቀበቶ" ብለው ሰየሙት። እንደ ንዛካራና አዛንዴ ያሉ ሕዝቦች በዚህ ቀበቶ ውስጥ ነበሩ። ምክንያቱን አንዳንዱ በአስማት፣ አንዳንዱ በሴቶቹ ጠባይ ያሳብብ ነበር። ጥናቱ ሲጠልቅ ግን ዋናው ተጠያቂ የአባላዘር በሽታ፣ በተለይም ጨብጥ ሆኖ ተገኘ። ፔኒሲሊን ከገባና በሽታው መታከም ከጀመረ በኋላ በብዙ ቦታ የሚወለዱ ልጆች ቁጥር ጨመረ። እርግማን ቢሆን ኖሮ በመርፌ ባልለቀቀ ነበር።

በእኛም ማኅበረሰብ ልጅ ያጣች ሴት ጠበል ትጠመቃለች፣ ዱዓ ታስደርጋለች፣ ትጸልያለች። ይህን አንቃወምም። የምንለው ክሊኒኩም አይቅር ነው። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ማህፀን ውስጥ ቅጠልና ዱቄት የሚከት "አዋቂ" ጋ መሄድ ግን ራሱ ኢንፌክሽን ማምጣት ነው።

ባልየውስ?

ልጅ ባጡ ባልና ሚስቶች ዘንድ ወደ ግማሽ በሚጠጋው የወንዱም ድርሻ አለበት። ጨብጥና ክላሚዲያ የወንዱንም የዘር መተላለፊያ ሊደፍኑ ይችላሉ። "እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ጉልበቴም ሙሉ ነው" ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ በግንኙነት ብርቱ የሆነ ወንድ የዘር ፈሳሹ ዘር የሌለው ሊሆን ይችላል። የወንድ ምርመራ ደግሞ ከሴቷ ይልቅ ቀላል ነው፤ የዘር ፈሳሽ ሰጥቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ስለዚህ ሌላ ሚስት ከመፈለግ በፊት አብሮ መመርመር ይቀድማል።

ሕክምናም ላይ እንዲሁ ነው። ሚስት ብቻዋን ታክማ ባል ካልታከመ በሚቀጥለው ግንኙነት መልሶ ያስይዛታል። ከላይ ያየነው "ሁለተኛ ጊዜ፣ ሦስተኛ ጊዜ" የሚባለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ይመጣል። ክሊኒኩ "ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ" ሲል ሊያዋርዳችሁ ፈልጎ አይደለም።

ምን እናድርግ?

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ በዚያው ቀን፣ ካልተቻለም በማግስቱ ወደ ክሊኒክ መሄድ ነው፦

- ከእምብርት በታች የሚሰማ ሕመም፣ በተለይ ከትኩሳት ጋር፤
- መጥፎ ሽታ ያለው ወይም ቀለሙ የተለወጠ ፈሳሽ፤
- ሲሸና ማቃጠል፣ በግንኙነት ጊዜ ውስጥ ድረስ ማመም፤
- ከወር አበባ ውጪ ወይም ከግንኙነት በኋላ መድማት፤
- ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ ትኩሳትና የሚሸት ደም።

የወር አበባዋ የቀረባት ሴት በአንድ ጎን ሆዷን በኃይል ካመማት፣ ካዞራት ወይም ራሷን ከሳተች ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት።

ባል ላይ የመግል ፈሳሽ ከታየ፣ ሚስት ምንም ባይሰማትም አብራ ትታከም። "እኔ አላመመኝም" ማለት በዚህ በሽታ አይሠራም።

መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ጨርሱ። ለቱቦ ብግነት አብዛኛውን ጊዜ መርፌና ለ14 ቀን የሚዋጥ ኪኒን ይሰጣል። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ሲተው "ድኛለሁ" ብሎ የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል ሁለቱንም ይጎዳል። ሁለቱም ሕክምናቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል።

ከዱካ ካፕሱል ገዝቶ መዋጥም ይቅር። ጨብጥ በብዙ ቦታ ለፔኒሲሊን፣ ለቴትራሳይክሊንና ለሲፕሮፍሎክሳሲን አልበገር ብሏል። ሁለት ካፕሱል ምልክቱን ያደበዝዝ ይሆናል፤ ጀርሙ ግን ውስጥ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል።

ለመከላከል ደግሞ፦ አንድ ለአንድ መወሰን፣ ይህ ካልተቻለ ሁልጊዜ ኮንዶም መጠቀም፤ በክሊኒክ መውለድ፤ ሴት ልጅን አለመግረዝ።

ማገዶ ለመልቀም ስትወጣም ሆነ በሠፈር ውስጥ ጥቃት የደረሰባት እህት ካለች፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። በ72 ሰዓት ውስጥ ክሊኒክ ከደረሰች ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ይጀመርላታል፤ እርግዝናን የሚከላከለው እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል፤ የአባላዘር በሽታ ሕክምናም ይሰጣታል። ጊዜው ቢያልፍም መሄዱ ይጠቅማታል።

ብዙ ጊዜ የሚነሱ ጥያቄዎች

የወሊድ መከላከያ መካን ያደርጋል? አያደርግም። ኪኒን ሲቆም እርግዝና ቶሎ ሊመጣ ይችላል። መርፌ ከቆመ በኋላ ግን ለወራት ሊዘገይ ይችላል፤ መዘግየት እንጂ መካን መሆን አይደለም። ሉፕ የሚገባላት ሴት ቀድማ ብትመረመር ጥሩ ነው፤ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ እያለ ከገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀርሙ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ቱቦው ከተደፈነ በኋላ መፍትሔ አለ? በትልልቅ ሆስፒታሎች ቱቦው ክፍት መሆኑ በልዩ ራጅ ይታያል። ቀዶ ጥገና አንዳንዶችን ይረዳል። ከሰውነት ውጪ አፀንሶ ወደ ማህፀን መመለስም አለ፤ ነገር ግን ዋጋው ለስደተኛ ቀርቶ ደህና ገቢ ላለውም የማይቀመስ ነው። ስለዚህ ነው መከላከሉ ላይ ደጋግመን የምንጮኸው።

ለመምህራን ጥቂት ቃል

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የመራቢያ አካልን ሲማሩ "ይህን ገጽ ራሳችሁ አንብቡት" ብሎ ማለፍ በየትምህርት ቤቱ የተለመደ ነው። እባካችሁ አትለፉት። ሴቶቹንና ወንዶቹን ለየብቻ ማስተማር ከቀለላችሁ እንደዚያ አድርጉ፤ ሴት መምህርት ካለች ለሴቶቹ እሷ ታስረዳ። ወንዶቹም ይህን መማር አለባቸው፤ የነገ ባሎች እነሱ ናቸውና። አንዲት ተማሪ ሕመሟን ብትነግራችሁ ለማንም ሳትናገሩ ወደ ክሊኒክ ምሯት። ምስጢሯ ከወጣ ሌሎቹም ዳግመኛ አይናገሩም።

በጎረቤታችሁ ልጅ ያጣች ሴት ካለች ደግሞ "መካን" የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ። ቡና ሲፈላ እሷንም እንጥራት። ባሏ ሽማግሌ ፊት ለፍቺ ካቀረባት፣ ሽማግሌዎች መጀመሪያ "ለመሆኑ ሁለታችሁም ተመርምራችኋል?" ብለው ይጠይቁ። ይህቺ አንዲት ጥያቄ ብቻ ብዙ ትዳር ልታተርፍ ትችላለች።

መልካም ጤንነት ለሁላችሁም!